ለጽጌሬዳ የተያዘው አልጋ

አዋሳ፣ ግንቦት 6 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ወልደአማኑኤል
ናይሮቢ

ሰላምታዬ ከሐይቁ ዳር ተነስቶ፣ ሞያሌን ተሻግሮ፣ ሱቅዎ ድረስ ይግባ። እንደምን ከርመዋል? ደም ብዛቱስ እንዴት አደረገዎት? እኔ የአጎትዎ ልጅ የደረሰ ልጅ ብርቅዬ፣ የላይኛው ይመስገን፣ ደህና ነኝ። እዚያው ልብስ ስፌት ማኅበሩ ውስጥ ከመኪናዬ ጋር እየተናነቅሁ ነው። አባቴ ካረፈ ወዲህ አባቴ እርስዎ ነዎት፤ ስለዚህ ዙሪያውን ሳልሄድ ልናገር።

የኩማን ልጅ ጽጌሬዳን ያስታውሷታል? እርስዎ አገር ጥለው ሲወጡ ገና ተማሪ ነበረች። አጥር ላይ ተንጠልጥላ ስትዘፍን «ኧረ ያቺን ልጅ ዝም አሰኙልኝ» ይሉ ነበር። ዛሬ የቀበሌያችን ኪነት ቡድን ድምፅ እሷ ናት። እናትዎ እማማ ወለተጊዮርጊስ ጉልበታቸው ከከዳቸው ጀምሮ እግራቸውን የምታጥበው፣ ምግባቸውን የምታቀርበውም እሷ ናት። ማንም አላዘዛትም።

ጋሼ፣ ጽጌሬዳ ታማብናለች። ጡቷ ላይ እብጠት ወጥቶ አዲስ አበባ ወሰድናት፤ ካንሰር ነው አሉና ቆረጡት። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ጨረር ካላገኘች ይመለሳል ብለውናል። የጨረሩ መሣሪያ ደግሞ አገራችን የለም፤ ቅርቡ እርስዎ ያሉበት ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ እኔ፣ ከበሮ መቺዋ ብርሃነሽና አስተማሪዋ ሙሉጌጥ እግራችን አላረፈም። ጨርቅ ነጋዴው ጠሀ ሱቁ በር ላይ ሳጥን አስቀምጦ ያለፈ ያገደመውን ይለምንልናል። የሕክምና ቦርዱም ተመላልሰን ተመላልሰን ውጭ ትታከም ብሎ ወስኖልናል።

የቀረን ሁለት ነገር ነው። አንዱ፣ እዚያ ያለ ሆስፒታል እንዲቀበላትና ለሕክምናው ዋስ የሚሆን ሰው እንዲገኝላት ነው። እሱን ከእርስዎ ሌላ የምጠይቀው የለኝም። ሁለተኛው የቀበሌው የድጋፍ ደብዳቤ ነው፤ ያለ እሱ ከአገር መውጣት አይታሰብም። ፈራሚው ሊቀመንበራችን ነው፤ ሊቀመንበራችን ማን እንደሆነ ደግሞ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ። አዎ፣ ግዛቸው። የቦርዱን ወረቀት በጣቱ ገፋ አድርጎ «ማነው የሚያሳክማት? ያ ኮብላይ ዘመድሽ አይደል? በፀረ አብዮተኛ ገንዘብ የሚድን የቀበሌ ልጅ የለኝም» አለን። ብርሃነሽን ጎትቼ ባላወጣት ኖሮ በቀለም ጠርሙሱ ግንባሩን ትለው ነበር። ይህን ሰውዬ አንድ ቀን የእጁን ካልሰጠሁት ብርቅዬ አትበሉኝ!

ደብዳቤውን ሾፌሩ ካሳሁን በጭነት መኪናው ያመጣልዎታል። በፖስታ የማልልክበትን ምክንያት ያውቃሉ። እማማ ዓይናቸው ቢደክምም ስምዎን ጠዋት ጠዋት ይጠራሉ፤ ጽጌሬዳም እጅ ትነሳለች።

ታዛዥ ልጅዎ ብርቅዬ ደረሰ


ናይሮቢ፣ ሰኔ 20 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለልጄ ለብርቅዬ

የአባቶቼ አምላክ ጣትሽን ከመርፌ፣ ዓይንሽን ከክፉ ሰው ይጠብቅልሽ። እኔ ደህና ነኝ። ሱቁ ይሠራል፤ መለዋወጫ ፈላጊ አይጠፋም። ከሱቅ በስተጀርባ ባለችው ክፍል ብቻዬን እየኖርኩ አለሁ።

ስለ ልጅቷ ያልሽኝን ሳነብ ልቤ ተነካ። ካሳሁን በሄደ በማግስቱ ሆስፒታል ሄድኩ። መሣሪያው አለ፤ ወረፋው ግን ረጅም ነው፤ ዋጋውም የሚቀመስ አይደለም። ቢሆንም ዋስ እሆናለሁ። የእናቴን እግር የምታጥብ ልጅ ወድቃ አላይም። አልጋ ሲገኝ አስታውቅሻለሁ።

ግዛቸው ያልሽው ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ያን ልጅ ይርጋዓለም ገበያ ላይ ሜዳ ወድቆ ያገኘችው እናቴ ናት። ከእኔ ጋር ከአንድ ትሪ እየበላ አደገ። ፊደል አስቆጠርኩት፤ የመደብሬን ቁልፍ በእጁ ሰጠሁት። የትርፍ ቤቱ አዋጅ የወጣ ጊዜ ሕዝብ ፊት ቆሞ ቤቶቼን አንድ በአንድ እየጠራ ያስወረሰኝ እሱ ነው። ዛሬ እኔ በሠራሁት ሳሎን እግሩን ዘርግቶ ይቀመጣል፤ እናቴ በገዛ ግቢዋ ሰርቪስ ቤት ውስጥ ትኖራለች። እዚህ አገር ሌሊት ስንት ጊዜ በሐሳቤ አንቄው እንዳደርኩ አምላክ ብቻ ነው የሚያውቀው።

ስለዚህ ስሚኝ፣ ብርቅዬ። እንድትለምኑት አልፈልግም። እግሩ ላይ ወድቃችሁ፣ አሞግሳችሁ፣ «ጌታዬ» ብላችሁ ፈረመ ብትዪኝ ዋስትናዬን ወዲያው አነሳለሁ። አስጨንቃችሁ፣ አዋርዳችሁ አስፈርሙት። መንገዱን እናንተ ታውቃላችሁ።

ለእናቴ ጉልበቷን ስሚልኝ። ምን እንደምትበላ፣ ምን እንደምትል ጻፊልኝ።

አባትሽ ወልደአማኑኤል


አዋሳ፣ ሐምሌ 28 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ወልደአማኑኤል

ክረምቱ እንዴት ይዞዎታል? እዚያም እንደዚህ ይዘንባል? ሐይቁ ሞልቶ ዓሣ ገበያው ድረስ ሊመጣ ነው። እኛ ሁላችንም ደህና ነን። እማማም ደህና ናቸው፤ አይረበሹ።

ዋስ እሆናለሁ ማለትዎን ለጽጌሬዳ ሳነብላት «እሳቸው ጋ ስደርስ መጀመሪያ የምዘፍንላቸው ያን ያስቸገርኳቸውን ነው» አለች። ሙሉጌጥ ከሳቋ ጋር እንባዋ መጣ። የጽጌሬዳ ክንድ አብጧል፤ ጸጉሯን ማበጠር ስለማትችል እኔ ነኝ የምሠራላት። ለመልመጃ ግን አንድ ቀን አልቀረችም።

የግዛቸው ነገር እንዳለ ነው። ሴቶች ማኅበር ሄድን፤ ከፍተኛው ጋ ሄድን፤ አውራጃ ድረስ ወጣን። የሄድንበት ሁሉ «ይህ የቀበሌያችሁ ሊቀመንበር ጉዳይ ነው» ብሎ መልሶ እሱ እጅ ላይ ይጥለናል። እሱ ደግሞ በኮሪደሩ ሲያልፍ «አሁንም አላችሁ?» ይለናል። አለን! የት እንሄዳለን!

ለአሥረኛው የአብዮት በዓል የሚለብሰውን ካኪ የምሰፋው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? እኔ። ሱሪውን መተንፈሻ እስኪያጣ አጥብቤዋለሁ። ብርሃነሽ ደግሞ አንገትጌው ላይ መርፌ እንድረሳ ትወተውተኛለች። ገና አልወሰንኩም።

ባለፈው ሰሞን ግቢው ሰው በዝቶበት ስለነበር ቶሎ አልጻፍኩልዎትም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የአልጋው ነገር እንዴት ሆነ? እባክዎ ይግፉበት፤ ጊዜ የለንም።

ብርቅዬ


ናይሮቢ፣ ነሐሴ 25 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለልጄ ለብርቅዬ

አምላክ ቀንሽን ብሩህ፣ ወዳጅሽን ብዙ ያድርግልሽ።

አልጋ ተገኝቷል። ኅዳር ሲገባ ጽጌሬዳ እዚህ መሆን አለባት። ስሜን ፈርሜ ዋስ ሆኛለሁ፤ አልጋው በስሟ ተይዟል። የአገር ሰዎችም እንግዳ እንደሚመጣ ሰምተው ተደስተዋል። ከሆስፒታል ስትወጣ የምታርፍበት ክፍል ቀለም አስቀብቻለሁ።

አሁን የእኔን ጥያቄ ስሚ። ስለ እናቴ የጻፍሽልኝ አንድ መስመር ብቻ ነው። ካሳሁንን ብጠይቀው «ደህና ናቸው» ብሎ ጎማ ሊያይ ወጣ። ተቀየመችኝ እንዴ? አገር ጥሎ የሄደ ልጅ አልወለድኩም አለች? ካሴት ላኪልኝ። አንድ የቴፕ ማጫወቻ ፈልጊና ድምጿን ቅጂልኝ። ብትረግመኝም ግድ የለኝም፤ ድምጿን ብቻ ልስማ።

የሱሪ ማጥበቡን ነገር ተይው፤ እሱ የልጅ ቂም ነው። እኔ የምፈልገው ሰው ፊት ሲጨንቀው ነው። አዳራሽ ሙሉ ሰው እያየው፣ መግቢያ መውጫ ሲያጣ። እሱን ካሰማሽኝ ከዚያ ወዲያ ብሞትም አይቆጨኝም።

ወልደአማኑኤል


አዋሳ፣ መስከረም 9 ቀን 1977 ዓ.ም.

ጋሼ፣ እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሰዎ።

ካሴት ልኬያለሁ። ኬላ ላይ ወረቀት ስለሚፈተሽ ብዙ አልጽፍም። ነገሩን ሁሉ ካሳሁን አጠገብዎ ቁጭ ብሎ በአፉ ያጫውትዎታል። እሱ ሳይነግርዎት ካሴቱን እንዳያዳምጡ፣ በሞቴ። ጽጌሬዳ ለኅዳር ትደርሳለች።

ብርቅዬ


ናይሮቢ፣ ኅዳር 3 ቀን 1977 ዓ.ም.

ብርቅዬ ደረሰ

ካሴትሽ ደረሰኝ። ያመጣው ካሳሁን አይደለም። የካሳሁን መኪና የእርዳታ እህል እንዲጭን ወደ ሰሜን ታዟል አሉ፤ ያመጣልኝ ይልማ የሚባል የዲላ ልጅ ነው፤ ስለ እናንተ የሚያውቀው ነገር የለም። ካሳሁንን ጠብቅ ብለሽኛል። የእናቴ ድምፅ እጄ ላይ እያለ ሰው እንድጠብቅ? ሱቄን ዘግቼ፣ ወንበሬን ስቤ ከፈትኩት።

እልልታ ሰማሁ። ከበሮ ሰማሁ። ከዚያ አሳክማታለሁ ያልኳት ያቺ ልጅ፣ የእናቴን እግር ታጥባለች ያልሽኝ ልጅ፣ ግዛቸውን ስታሞግስ ሰማሁ! የድሃ አባት፣ የበሽተኛ ደራሽ፣ እንባ አባሽ! አዳራሹ ሲያጨበጭብ ሰማሁ። ይልማን «ምንድነው ይሄ?» ብለው «አባቴ፣ በበዓሉ ቀን የሊቀመንበሩ ስም ከተማውን ሞልቶት ነበር እኮ» አለኝ። ካሴቱን እስከ ጫፉ አደረስኩት፣ ገልብጬም አዳመጥኩት። እናቴ የለችም። የእናቴን ድምፅ ብጠይቅሽ የጠላቴን ሙገሳ ላክሽልኝ።

ነግሬሽ ነበር። በግልጽ ጽፌልሽ ነበር። በማግስቱ ሆስፒታል ሄጄ ዋስትናዬን አነሳሁ። አልጋው ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። እንባዋን ያበሰላት ግዛቸው ያሳክማት! ከእኔ ሳሎን ተነስቶ ናይሮቢ ድረስ ይምጣና ዋስ ይሁናት።

ከእንግዲህ እናቴን የሚመለከት ካልሆነ በቀር አትጻፊልኝ።

ወልደአማኑኤል


አዋሳ፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለጋሼ ወልደአማኑኤል

ደብዳቤዎን ስፌት ቤቱ ውስጥ ቆሜ አነበብኩት። ሴቶቹ ውኃ አጠጡኝ። ግን ስለ ጽጌሬዳ ብዬ ምላሴን ነክሼ አስረዳዎታለሁ። እባክዎ እስከ መጨረሻው ያንብቡት።

የበዓሉ ቀን ባህል አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ከአዲስ አበባ የመጡ ትልልቅ እንግዶች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ግጥማችን አስቀድሞ ተመርምሮ ማኅተም ተመትቶበታል፤ አንዲት ቃል መጨመር አይቻልም። ነገር ግን በመጨረሻ ሰው ሊሸልም መድረክ ሲወጣ ዘፋኟ ስም እየጠራች ታሞግሳለች፤ እሱን ማንም አይመረምረውም። እኛ የያዝነው ያን ቀዳዳ ነው። ያበጠው ክንዷ እንዳይታይ እጅጌው ሰፊ የሆነ ቀሚስ ሰፋሁላት። ብርሃነሽ ከበሮውን አበረደችው። ጽጌሬዳ ወደፊት ወጣችና ግዛቸውን ዓይን ዓይኑን እያየች ለቀቀችው፦

ሳንለምን ሰጠን፣ ሳንጠራው ደረሰ፣
ግዛቸው ፈርሞልን እንባችን ታበሰ።

ልብ ይበሉ፣ ጋሼ፣ አልፈረመም! እስከዚያች ሰዓት ድረስ አልፈረመም! እሷ ግን ፈረመ ብላ፣ ለታመመች የቀበሌ ልጅ ውጭ አገር ሕክምና ፈቀደላት ብላ፣ አገር ፊት አመሰገነችው። የእንግዶቹ አለቃ ተነስቶ አጨበጨበ። አዳራሹ ሁሉ ተነሳ። «የት አለ ይህ ሊቀመንበር?» አለ ሰውየው። ግዛቸው እኔ በሰፋሁት ካኪ ተጠፍሮ መድረክ ላይ ወጣ። ሰውየው ትከሻውን ይዞ በማይክራፎኑ «መቼ ነው የምትሄደው?» ብሎ ጠየቀው። አልፈቀድኩም ቢል የበዓሉን እንግዳ አሳፈረ፤ ፈቅጃለሁ ቢል ተያዘ። «በ... በቅርቡ» አለ። ላቡ በጆሮ ግንዱ ሲወርድ አየሁት። ብርሃነሽ ከበሮዋ ላይ ተደፍታ ትስቅ ነበር። እኔም ጋሼ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አንጀቴ ርሶ አያውቅም።

በማግስቱ ጽሕፈት ቤቱ ሳይከፈት በሩ ላይ ቆመን ጠበቅነው። ቀና ብሎ ሳያየን ፈረመ። ብዕሩ ወረቀቱን ቀደደው። ፓስፖርቷም ወጥቶ ልትነሳ መኪና ስንጠብቅ ነው ደብዳቤዎ የደረሰው፤ አሁን ትራሷ ሥር ነው።

አዳራሽ ሙሉ ሰው እያየው መግቢያ መውጫ ሲያጣ ልስማ አላሉም? ይኸው፣ ያሰማንዎት እሱን ነው። ካሴቱን የላክሁት እንደ ስጦታ ነበር። ኬላ ላይ የአብዮት መዝሙር ነው ተብሎ ያልፋል፣ ካሳሁን ታሪኩን ይነግርዎታል፣ አብራችሁ ትስቃላችሁ ብዬ ነበር። የካሳሁን መኪና እንደሚታዘዝ በምን ልወቅ?

ጋሼ፣ እለምንዎታለሁ። ወደ ሆስፒታሉ ይመለሱ። ቁስሉ ባለበት ጎን እብጠቱ እንደገና መጥቷል። ማታ ማታ ማሳል ጀምራለች። ብቻ ይህን ወረቀት እንዳነበቡ ይነሱ፣ ሌላ አልልም።

ብርቅዬ


ናይሮቢ፣ መጋቢት 14 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለብርቅዬ

ፈጣሪ ልብሽን ለይቅርታ ያራራልኝ። ሌላ የምመርቅበት አፍ የለኝም።

ይልማ ደብዳቤሽን የሰጠኝ በገና ሰሞን ነው። የእጅ ጽሕፈትሽን ሳይ ደሜ ፈላ፤ ሳልከፍተው መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት። እዚያው ከረመ። ባለፈው ሳምንት ካሳሁን ከሰሜን ተመልሶ መጣ። ገና ሳይቀመጥ «የግዛቸውን ጉድ ሰሙ አይደል?» ብሎ መሳቅ ጀመረ። አጫወተኝ። ያን ጊዜ መሳቢያውን ከፍቼ አነበብኩት።

ብርቅዬ፣ ሳቅኩ። አልዋሽሽም፣ በመጀመሪያ እስኪያመኝ ሳቅኩ። ካሴቱንም ፈልጌ እንደገና አዳመጥኩት፤ ያን ሌባ ላብ ሲያጠምቀው የማይ መሰለኝ። ከዚያ ነው ቀኑን የቆጠርኩት። ኮቴን እንኳ ሳልደርብ ወደ ሆስፒታል ሮጥኩ። ለምኜ፣ ሰው አማላጅ ልኬ፣ ከፋሲካ በኋላ አልጋ ይሰጣታል ብለውኛል። ቶሎ ላኪያት። ካሳሁን ጋቢና ውስጥ ፍራሽ አንጥፎ ያመጣታል። መንገዱ ቢከብዳትም ታገሺ በያት።

ጥፋቴን አውቃለሁ። ስትመጣ ጫማዋን ስሜ ይቅርታ እጠይቃታለሁ። አንቺ ግን እባክሽ ስለ እናቴ አንድ ቃል ጻፊልኝ። ካሳሁን ስጠይቀው ዓይኑን ያሸሻል። የማየው ሕልም ጥሩ አይደለም።

አባትሽ ወልደአማኑኤል


አዋሳ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 1977 ዓ.ም.

ጋሼ ወልደአማኑኤል

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ጽጌሬዳን ቀብረን በተመለስን ሳምንት ነው። ከሆሳዕና በፊት አረፈች። በመጨረሻ ድምጿ ጠፍቶ በእጇ ነበር የምታናግረን። ኅዳር ላይ አልጋዋ ላይ ብትተኛ ምን ይሆን እንደነበር ሐኪም አይደለሁምና አላውቅም። ኅዳር ላይ ግን በእግሯ ትሄድ ነበር፤ ይህን አውቃለሁ። ሻንጣዋን እኔ ነኝ ያሰናዳሁት።

ደብዳቤዬ መሳቢያ ውስጥ ከረመ አሉኝ። እሱ እዚያ ሲከርም እኛ በየቀኑ መናኸሪያ እየሄድን የናይሮቢ መኪና እንጠይቅ ነበር። እሷ በመስኮት እያየች «መጣ?» ትለናለች። «ነገ» እንላታለን። ይህንን ይወቁልኝ።

ስለ እናትዎ ጻፊልኝ ብለዋል። እሺ።

እናትዎ ሞተዋል። አሁን አይደለም፤ ባለፈው ዓመት ሐምሌ፣ በገብርኤል ማግስት። «እማማም ደህና ናቸው» ብዬ የጻፍኩልዎት ቀን የለቅሶው ድንኳን ገና ከግቢው አልተነሳም ነበር። ግቢው ሰው በዝቶበት ነበር ያልኩዎት የእናትዎ ለቀስተኛ ነው። በበሽታ አልተሰቃዩም፤ ጽጌሬዳ ጀርባቸውን ደግፋ ውኃ ስታጠጣቸው ክንዷ ላይ አረፉ። ያጠበቻቸውም እሷ ናት፤ በዚያ ባበጠ ክንዷ።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር ያውቃሉ። ማለዳ ነው፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ግራና ቀኝ የሚይዝ ሰው ተዘጋጅቶ፣ ቀስ ተብሎ ነው። ሰው አገር ብቻውን ላለ ሰው በወረቀት አይጻፍም። ስለዚህ ከተማው ሁሉ አፉን ያዘልዎት። ካሳሁን «ደህና ናቸው» ብሎዎት ሲወጣ መኪናው ውስጥ ገብቶ ያለቅስ ነበር። መርዶውን የምትነግርዎት ሰው ተመርጣ ነበር፤ ጽጌሬዳ ናት። ራሷ ናት እኔ ልንገራቸው ያለችው። ኅዳር ላይ ናይሮቢ ስትደርስ ከሆስፒታል በፊት ያገርዎን ሰዎች ሰብስባ፣ አጠገብዎ ተቀምጣ፣ እንዴት እንዳረፉ፣ ምን ብለው እንደመረቁዎት ልትነግርዎት ነበር። ምርቃታቸውን የሰማች እሷ ብቻ ናት። አልጋዋን ሲሰርዙ መርዶ ነጋሪዎን ሰረዙ፤ ምርቃትዎም አብሯት ተቀበረ።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምርልዎት። ልጃቸው በሌሉበት ሐዘንተኛ ሆኖ ፍራሽ ላይ የተቀመጠው ግዛቸው ነው። አሳድገውኛል ብሎ ጸጉሩን ተላጨ። ድንኳኑን ያስተከለው፣ ቃሬዛውን ከፊት የተሸከመው፣ አፈር ያለበሳቸውም እሱ ነው። የውሸት አላለቀሰም፤ አይቼዋለሁ። በነጋታው ጽሕፈት ቤቱ ገብቶ የጽጌሬዳን ወረቀት መልሶ ከለከለን። እኔ እሱንም አልማርኩትም፤ እዚሁ አጠገቤ ስለሆነ የእሱን ቀስ ብዬ አገኘዋለሁ። እርስዎ ግን ሩቅ ነዎት፤ እጄ የሚደርስብዎት በዚህ ወረቀት ብቻ ነው።

ጽጌሬዳ ድምጿ ሳይጠፋ «ብቻቸውን ናቸው፣ ደም ብዛት አለባቸው፣ በወረቀት እንዳትነግሪያቸው» ብላ አስምላኛለች። ምያለሁ። መሐላዬን ያፈረስኩት ተናድጄ ሳይሆን አስቤበት ነው። ይህን ደብዳቤ ካሳሁን ልውሰደው ብሎኝ ነበር፤ አብሮዎት ያለቅሳል ብዬ ከለከልኩት። ለይልማ ሰጠሁት፤ ሱቅ በር ላይ አስረክቦ፣ ሳይቀመጥ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ እንዲመለስ ነገርኩት።

እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲዘጋ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» ይባላል። እሱን በእናትዎ ድንኳን ውስጥ ለግዛቸው ብለነዋል።

ብርቅዬ ደረሰ